አባቴ የዳነበት ሳምንት

በዘጠኝ ዓመቴ አባቱን ያዳነ ልጅ ተብዬ ተመስግኛለሁ። ከዚያ ወዲህ ማንም በምንም ነገር አመስግኖኝ አያውቅም። ላሊበላ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቁጭ ብዬ የእንግዳ ጫማ ስጠብቅ አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ። አንድ ጥንድ ጠፍቶብኝ አያውቅም፤ አንድ ሰውም ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም። አስጎብኚዎቹ፣ እንደ እኔው ከገጠር መጥተው እንግሊዝኛ የቀናቸው ልጆች፣ «አንተ ጫማ» ነው የሚሉኝ። ስሜ ውዱ ነው። እነሱን ለማማት አይደለም ይህን የማነሳው፤ የእነሱ ጉድ ሌላ ቀን ይደርሳል። የማነሳው ስለዚያች አንዲት ምስጋና ነው፣ እንዴት እንዳገኘኋት።

አባቴ ደሳለ ከጦር ሜዳ የተመለሰው በሰማንያ ሦስት ክረምት፣ ደርግ ወድቆ ጦሩ በተበተነ ጊዜ ነው። ቤታችን ከሙጃ ገበያ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ፣ ገብስና ባቄላ እንጂ ሌላ እህል የማያውቅ ብርዳም ደጋ ላይ ነበር። ሲሄድ ገና ሦስት ዓመቴ ስለነበረ መልኩን አላውቀውም። አንድ ዝናብ ያራሰው ካፖርት የለበሰ ሰው በራችን ላይ ቆሞ «ቤቶች» ሲል፣ እናቴ የሻረግ ሊጥ የነካ እጇን ሳትጠርግ ወጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሊጡ ካፖርቱ ላይ ተለጥፎ ቀረ። እኔ ሳቅሁ። ሰውዬው አየኝና ተረከዙን አጋጭቶ የወታደር ሰላምታ ሰጠኝ።

«ጓዴ፣ ግዳጄን ፈጽሜ መጥቻለሁ» አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእሱ ስሜ ጓዴ ሆነ። ቃሉ ከመንግሥቱ ጋር አብሮ የወደቀ ቃል ነው። ታላቅ ወንድሙ፣ አጎቴ ምስጋኑ፣ ሰው ፊት እንዳይለው ይቆጣው ነበር፤ ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን በሌላኛው ወገን ያሰለፉ ናቸው፣ ያሸነፉትም እነሱ ናቸው። አባቴ ውጭ ውዱ ይለኛል፣ ቤት ሲገባ ጓዴ። ሁለታችን ብቻ የምናውቀው ምሥጢር ያለን ይመስለኝ ነበር።

ከካፖርቱ ሌላ ይዞት የመጣው ዕቃ አንድ ኮዳ ነው። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ የወታደር ኮዳ። ከግድግዳው ካስማ ላይ ሰቀለውና ዳግመኛ አልነካውም። እኔ ደግሞ ያን ኮዳ ከመመኘቴ ብዛት በህልሜ አየው ነበር። አንድ ቀን ማንም ሳያየኝ አወረድኩና ከምንጩ ሞልቼ፣ ትከሻዬ ላይ አንግቼ፣ እንደ ወታደር እየረገጥኩ ስመጣ መንገድ ላይ ተገናኘን። ክንዴን ያዘኝ። ኮዳውን ነጥቆ ውሃውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ደፋው፣ ከዚያ በጥፊ አጮለኝ። ማልቀስ ስጀምር እሱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። የመንግሥት ዕቃ ነክቼ ነው የተቆጣው ብዬ አሰብኩ። ቀበሌው ሰምቶ እንዳያስረን ለሰው አልተናገርኩም።

እርሻ ላይ ከኋላው እየተከተልኩ ጓል እከሰክስ ነበር። ትልም መሀል ላይ ድንገት ይቆማል። እርፉን እንደያዘ ዝም ብሎ ይቆማል። በሬዎቹ እንኳ ምን ሆነ ብለው አንገታቸውን ያዞራሉ። የሚጸልይ ይመስለኝ ነበር፤ አባቴን ከሌላው አባት ሁሉ መንፈሳዊ አድርጌ ለልጆች አውርቻለሁ።

አጎቴ ምስጋኑ የእኛ ማሳ አጠገብ ነው የሚያርሰው። አንድ ቀን ጥማድ ፈትተው ሲያርፉ አባቴ «አያ ምስጋኑ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ብዬ ነበር» ሲለው ሰምቻለሁ። አጎቴ ቀና ብሎ ሰማዩን አየና፣ ዘሩ ይለፍና እንጫወታለን አለው። ዘሩ አለፈ። አባቴ እንደገና ጠየቀው። አረሙ ይለፍና አለው። ለእናቴም ሊነግራት ሞክሯል፤ ሸማ ተሸፋፍኜ የተኛ ሰው መስዬ የምሰማውን እሰማለሁ። እናቴ አፉን በመዳፏ ነው የያዘችው። በሕይወት መጥተህልኛል፣ ሌላውን አልሰማም፣ ያለፈውን ለእግዜር ተውለት አለችው። በፍቅር ነው ያለችው። እኔም ደስ አለኝ።

ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ክፉ ሰው ይረገማል፣ ይለይለታል። እነዚህ ግን ሁሉም ደህና ሰዎች ናቸው፣ አጎቴ እንኳ ያኔ ደህና ሰው ነበር። የተሸነፈ ወታደር ወሬ መስማት ምን ያደርጋል ብለው ነው። ወንድ ልጅ ካረሰው መሬትና ከበላው እህል በቀር የሚያወራው ነገር አለው ብሎ ያሰበ አልነበረም።

አለሜ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ከጅረቱ ማዶ ትኖር ነበር። አንድ ልጇ ኪዳን ከአባቴ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ መኪና ተጭኖ ነው የዘመተው። አባቴ ተመለሰ፣ እሱ አልተመለሰም። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ቅጽሩ ሥር ትጠብቀዋለች።

«ኪዳኔን አላየኸውም?»

«ክፍላችን ለየብቻ ነበር እትዬ፤ ተለያይተናል።»

ትከሻውን ሳም አድርጋ ትሄዳለች። በሚቀጥለው እሑድ ያንኑ ትጠይቀዋለች፣ ያንኑ ይመልስላታል። እሷን ሲያይ ላብ ያጠምቀው ስለነበር የምታስፈራ ሴት መሰለችኝ። መንገድ ላይ ሳገኛት ዞር እል ነበር።

በሰማንያ አራት ጥቅምት መጨረሻ ላይ የእኛ ገብስ ደርሶ ደቦ ተጠራ። ሃያ የሚሆን ሰው ተሰልፎ ያጭዳል፣ አንዱ ዘፈን ያወርዳል ሌላው ይቀበላል፣ ሳቁና ፉከራው ማዶ ድረስ ይሰማል። አባቴም ከመካከል ሆኖ ያጭድ ነበር፤ ያን ቀን ፊቱ ደህና ነበር። ቀትር ላይ ከመስመሩ ጫፍ አንድ ጎረምሳ ቀና ብሎ ወገቡን ያዘና ጠራው።

«አያ ደሳለ፣ ውሃ አምጣልኝ!»

የአጫጅ ወጉ ነው፤ የማሳው ባለቤት ውሃ ያቀርባል። አባቴ ማጭዱን ጣለው። ልጁ ወዳለበት ዞሮ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ውሃው ወዳለበት ሳይሆን ቁልቁል ወደ ገደሉ መሄድ ጀመረ። ይጠሩታል አይዞርም። ሊሸና ነው አሉ፤ ሳቁ፤ ማጨዳቸውን ቀጠሉ። ሳይመጣ ቀረ። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ዋሻ ሥር ተኮራምቶ፣ ከንፈሩ በብርድ ጠቁሮ አገኙት። ምን ሆነህ ነው ቢሉት አይመልስም።

ቀትር ነበር፣ ገደል ነበር፣ ብቻውን ነበር። ከዚያ በላይ ማስረጃ የፈለገ አልነበረም። ጋኔን ለክፎታል ተባለ። አጎቴ ጥርሱን ነክሶ፣ ወንድሜ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም፣ የያዘው ነገር አለ አለ። ያው እሱ ነው፣ ዘሩ ይለፍና ያለው።

ጠበሉ ከሠፈራችን በታች ከቋጥኝ የሚወርድ ቀጭን ውሃ ነው። ውርጩ ሳይለቅ ጠዋት ጠዋት፣ አፋችን እህል ሳይነካ እንወርዳለን። አራት ጎረምሶች አባቴን ይይዙታል። ሴቶችና ልጆች ከላይ በኩል እንቆማለን። አጥማቂው መምሬ ገብረ ሊባኖስ ናቸው፤ ልጅ የሚወዱ፣ ከቀሚሳቸው ኪስ የሽምብራ ቆሎ እያወጡ የሚያድሉን ረጅም ሰው። ጠበሉንም እሳቸውንም ዛሬ አልወቅስም። ጠበሉ ምን በደለ። በዚያ ውሃ ሲፈወስ ያየሁት ሰው አለ።

ሁለት ቀን አባቴ ከመንቀጥቀጥ በቀር ምንም አላለም። በሦስተኛው ቀን መምሬ መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አሳርፈው፣ የያዘውን መንፈስ እንደሚጠይቁት ጠየቁ።

«ማነህ? የት ያዝከው? ተናገር!»

አባቴ ቀና አለ። እያንዳንዱን ሰው አንድ በአንድ አየ፤ መምሬን፣ የያዙትን ጎረምሶች፣ ወንድሙን፣ ከላይ የቆምነውን። ጋኔኑ ማንን ልያዝ ብሎ እየመረጠ ነው ብዬ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ተሸሸግሁ። ከመጣ ጀምሮ ተናገር ያሉት የመጀመሪያው ሰው መምሬ እንደነበሩ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

«ድልድይ ላይ ያዝኩት» አለ። ድምፁ ብዙ ጊዜ ካለመናገር የተነሣ ሻክሮ ነበር። ተናገረ፣ ተናገረ ተባባሉ።

«መቼ?»

«ቀትር ላይ። ጦሩ ሲሸሽ።»

«በምን ያዝከው?»

«በውሃ።»

መምሬ ሰውን ዞር ብለው አዩ። ውሃ ዳር የሚይዝ ጋኔን ያውቃሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዴት አድርገህ በውሃ?»

«ውሃ ላመጣልህ ነው ብሎ ሲዋሽ ያዝኩት። ልጁ ጭኑን ተመቶ ነበር። ሁለት ቀን ተሸክሞታል፤ ሁለት ቀን ሙሉ በጀርባው። በሦስተኛው ቀን ቋጥኝ ሥር አስቀመጠው። ኮዳውን ያዘና ውሃ ላመጣልህ ነው አለው። ልጁ እሺ አያ ደሳለ አለው። ወንዙ ቅርብ ነበር። ኮዳውን ሞላ። ሞልቶ ቀና ሲል ሰው ሁሉ ድልድዩን እየተሻገረ ነው። ተሻገረ። ልጁ ይጠራው ነበር፣ ከማዶ ይሰማ ነበር።»

«የማን ልጅ ነው?»

«የአለሜ።»

አለሜ እዚያው ነበረች፤ ጠበል ልትቀዳ መጥታ ጀሪካኗን እንደያዘች። ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠችና ቀስ ብላ ከጀሪካኑ አጠገብ ተቀመጠች። ሰው ተንጫጫ። መምሬ እጃቸውን አነሡ። ጋኔን ጎረቤት ከጎረቤት ሊያጣላ ሲፈልግ የሚያወራው ወሬ ይህ ነው፣ የእናት ልብ ሊያቆስል ነው አሉ። ወደ አባቴም ዞረው፣ ወሬ አታብዛ፣ ልቀቅና ሂድ አሉት።

«አልጨረስኩም» አለ።

እንቢ አለ፣ አልለቅም አለ ብሎ ሰው ጮኸ። ውሃው በባልዲ ይወርድበት ጀመር።

«አልጨረስኩም አባቴ» አለ እንደገና። ጋኔን ካህንን አባቴ እንደማይል ያኔ ያሰበ አልነበረም። እኔም አላሰብኩም። ውሃው አፉ ውስጥ ይገባል፣ ያስለዋል፣ ደግሞ ሊናገር ይሞክራል። በመጨረሻ፣ ማለት ያለበትን ያውቃልና፣ ለቀቅሁ አለ። ሴቶች እልል አሉ።

መምሬ ወደ አለሜ ሄደው በሰው ሁሉ ፊት አጽናኗት። የጋኔን ቃል ሰምተሽ እንዳታዝኚ፣ ሥራው ውሸት ነው፣ ልጅሽ በሕይወት አለ አሏት። ሰው ሁሉ አሜን አለ። እሷ አሜን አላለችም። ጋቢ አልብሰው ዳገቱን የሚያወጡትን አባቴን ነበር የምታየው።

እኔ የገባኝ ይህ ነበር፦ አባቴ ሆድ ውስጥ የተቀመጠ ነገር አለ። ያ ነገር ኪዳንን በልቶታል። በአባቴ አፍ ይናገራል፣ በአባቴ ዓይን ያያል፣ ኮዳው ውስጥ ያድራል። በማግስቱ አብረውኝ የሚጫወቱት ልጆች «የጋኔን ልጅ» ብለው በድንጋይ አባረሩኝ። አንደኛው የአጎቴ ልጅ ነው። ዛሬ በእኛ መሬት ላይ የሚያርሰው እሱ ነው።

መምሬ ሰባት ቀን ከቤት እንዳይወጣ አዘዙ። መንፈሱ ተመልሶ ደጅ ደጁን ስለሚል፣ ማንም እንዳያወራው። ቢናገር እንዳትመልሱለት አሉ፤ ስማችሁን ጠርቶ ቢለምናችሁ፣ ቢያለቅስ እንኳ። ጠበል ርጩበት፣ በሥላሴ ስም አማትቡ፣ ዝም ሲል ያን ጊዜ መዳኑን ታውቃላችሁ።

በሁለተኛው ቀን አለሜ መጣች። ከነጠላዋ ሥር አንድ ነገር ደብቃ ይዛለች። ድንጋይ መሰለኝ፤ ልትፈነክተው የመጣች መሰለኝ። አጎቴ ከአጥሩ ሳትገባ አገኛት። ትንሽ ላጫውተው ነው አለችው። ተከልክሏል እትዬ፣ ሲሻለው አላት። ቆማ ቆማ ተመለሰች። ከብዙ ዓመት በኋላ ራሷ እንደነገረችኝ፣ ከነጠላዋ ሥር የነበረው የባቄላ ቆሎ ነው። ነገሩ ረጅም ስለሚሆን እየቆረጠምን ያወራኛል ብላ ቆልታ መምጣቷ ነበር።

በአራተኛው ቀን እናቴ ጠበል ልትቀዳ ወረደች፤ አጎቴ አውድማ ላይ ነበር። እኔን ጣሳ ሙሉ ጠበል ይዤ በሩ ላይ እንድቀመጥ አደረጉኝ። ፀሐይዋ በበሩ ገብታ እስከ መደቡ ትደርስ ነበር። አባቴ መደቡ ላይ ጋደም ብሎ ጣሪያውን ያያል።

«ጓዴ» አለኝ።

ጣሳውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«አትፍራ። ና ቁጭ በል። የማወራው ሰው አጣሁ፤ አንተ ብትሰማኝ ይበቃኛል። ገና ልጅ ነህ፣ ባይገባህም ግድ የለም።» ተነሥቶ ተቀመጠ፤ እግሮቹን አውርዶ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ። «ኪዳን የሚባል ልጅ ነበር፣ ጨዋታ አዋቂ…»

ተነሣሁና ጣሳውን ሙሉ ፊቱ ላይ ደፋሁት። በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ አልኩ።

ውሃው ከቅንድቡ፣ ከጢሙ ይንጠባጠባል። አልተቆጣም። በመዳፉ ቀስ ብሎ ጠረገው።

«እሺ» አለ።

መልሶ ጋደም አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እኔ እየሮጥኩ አውድማው ላይ ደረስኩ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጋኔኑ ተናገረ አልኩ። ድምፁ እንደ ጅብ ነው፣ ስሜን ጠራ፣ ጠበሉን ስደፋበት ጮሆ በጣሪያው ወጣ አልኩ። ጭስ ሲሆን አየሁ አልኩ። አጎቴ ከመሬት አንሥቶ ትከሻው ላይ አወጣኝ። ያን ያህል ከፍ ብዬ አውድማውን፣ ሰዎቹን፣ የአቡነ ዮሴፍን ተራራ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አባቴ ዝም አለ። አምስተኛው ቀን፣ ስድስተኛው ቀን፣ ዝም። ሰባተኛው ቀን መምሬ መጡ። ደሳለ እንዴት ነህ አሉት። እግዚአብሔር ይመስገን አላቸው። የሚያስጨንቅህ ነገር አለ አሉት። የለም አባቴ አላቸው። ዳነ ተባለ። አጎቴ ሙክት ጎትቶ አምጥቶ አረደ። መምሬ በድግሱ መካከል እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው፣ አባቱን ያዳነ ልጅ ይህ ነው አሉ። ሰው ሁሉ አየኝ። ኩላሊቱን ለእኔ ሰጡኝ፤ ለልጅ የማይሰጥ ነው። አባቴ ከወዲያ ተቀምጦ ነበር። እሱም እያየኝ፣ ሌላው ሰው ሲስቅ ፈገግ አለ። ልጆቹ የጋኔን ልጅ ማለታቸውን ለሦስት ቀን ያህል ተዉ።

ሰባት ዓመት እንደዳነ ኖረ። ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ማኅበር ላይ ተራው ሲደርስ ይደግሳል። ሲናገሩት ይመልሳል። እንደ ደሳለ ያለ ጨዋ የለም፣ ወሬ አያውቅም፣ ሰው አያማም ይሉ ነበር። ጭቅጭቅ የማይወዱ ሰዎች ሁሉ አጠገቡ መቀመጥ ይወዱ ነበር። እሱ ግን ቤት ውስጥም ውዱ ብሎ ጠራኝ፤ ጓዴ የሚለው ቀረ። እሑድ አለሜ አትጠይቀውም፣ ከሩቅ እጅ ትነሣዋለች፣ እሱም እጅ ይነሣታል። አጎቴ በኩራት፣ ያን ጊዜ ባንደርስለት ኖሮ ይል ነበር።

አሁን እንዲህ ያለ ሰው ሳይ አውቀዋለሁ። ጫማውን አውልቆ ይሰጠኝና ወደ ውስጥ ሳይገባ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል። ደህና ነህ ሲሉት ደህና ነኝ ይላል። አብረውት የመጡት ጸጥተኛ ነው ይላሉ። አውቀዋለሁ፣ ግን ምንም አልለውም። ጫማውን አቀብለዋለሁ።

በዘጠና አንድ፣ ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ የቀድሞ ወታደሮች ይመዝገቡ ተባለ። ከሠፈራችን መጀመሪያ የተመዘገበው አባቴ ነው። ለደመወዙ ነው አለ አጎቴ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጀግና ነው ብሎ አስጨበጨበለት። እናቴ መሬት ላይ ተንከባለለች። እሱ ጋቢውን አጥፎ ለእኔ ሰጠኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው እጄን ጨበጠኝ፣ እናትህን አደራ አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ለስንብት እንኳ ሌላ ቃል ነፈገኝ ብዬ ቂም ያዝኩበት። በሁለተኛው ዓመት መርዶው በወረቀት መጣ። ከዚያ አጎቴ እስክታድግ ላርስልህ ብሎ መሬቱን ያዘ፤ በሬዎቹንም ወሰደ፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴ ቀረ። አደግሁ። መሬቱ ግን በልጁ ስም ወጥቶ ጠበቀኝ።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ በዚያው መሬት ጉዳይ ሠፈር ወርጄ ነበር። ተረትቼ ስመለስ በአለሜ ደጅ አለፍኩ። ዓይኗ ሊጠፋ ምንም አልቀረው፤ በእርምጃዬ ነው ያወቀችኝ። የደሳለ ልጅ፣ አረማመድህ እሱን ነው ብላ አስገባችኝ። ጠላ ቀዳችልኝ። የቆሎውን ነገር የነገረችኝ ያን ቀን ነው። ከዚያ ቀጥላ፣ ሳልጠይቃት፣ ይህን ነገረችኝ።

«ሊዘምት ሦስት ቀን ሲቀረው እዚህ መጣ። የተቀመጥክበት መደብ ላይ ተቀመጠ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረኝ።»

«ምን አሉት እትዬ?»

«ምን እለዋለሁ፣ ሰማሁት። እያለቀስኩ ሰማሁት። ኪዳኔ ምን እያለ እንደጠራው ጠየቅሁት፣ ነገረኝ። በማግስቱ ለኪዳኔ ፍትሐት አስፈታሁለት። ስምንት ዓመት በር በሩን ሳይ ኖሬ ያን ቀን በሬን ዘግቼ ተኛሁ።» ጠላውን እንድጠጣ በእጇ ጠቆመችኝ። «በእግዜር ፊት ይቅር ብዬዋለሁ። ግን ለምን ያኔውኑ አልነገርከኝም አልኩት። ከልጄ ከውዱ ልጀምር ብዬ ነበር አለ። በእሱ ብለማመድ ለእርስዎ ለመንገር ድፍረት አገኛለሁ ብዬ ነበር፣ ፈራኝ አለ። ልጅ ነው አልፈርድበትም፣ ግን ከዚያ ወዲያ ሰው ማስፈራት ተውኩ አለኝ።»

ጠላውን መሬት አስቀመጥኩ። የምናገረው ነገር ነበረኝ። ለማንም ያልነገርኩት፣ ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም ያልነገርኩት። አፌን ስከፍት የወጣው ስለ አጎቴ ነው። መሬቴን እንዴት እንደነጠቀኝ ነገርኳት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማች።

«ሌላስ?» አለችኝ።

ስለ በሬዎቹ ነገርኳት። አንደኛው ዳማ እንደነበረ፣ ቀንዱ እንዴት እንደሚያምር ነገርኳት።

«ሌላስ?»

ስለ አስጎብኚዎቹ ነገርኳት። አንተ ጫማ እንደሚሉኝ፣ አንዱ ለእንግዳ እያሳየኝ የሆነ ነገር ብሎ እንዳሳቀብኝ። ስለ ትምህርቴ፣ በድንጋይ ስላባረሩኝ ልጆች ነገርኳት። ጥላው ከደጁ ገብቶ እግራችን ላይ እስኪደርስ አወራሁ። አንዴም አላቋረጠችኝም። እንደገና ሌላስ ስትለኝ ተነሣሁ፣ መሽቶብኛል አልኳት።

«እንግዲያው ሌላ ቀን ና» አለችኝ። «ቆሎ ቆልቼ እቆይሃለሁ።»

ሌላ ቀን አልሄድኩም። ሥራ በዛ፣ ክረምት ገባ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ ሰበብ ሞልቶኛል። ኅዳር ላይ ሞተች አሉኝ።

ሌላስ ላለችኝ መልሱ ይህ ነበር፦ አልፈራሁትም። በጠበሉ ቀን ፈርቼው ነበር፣ ያን ቀን ግን አልፈራሁትም። ድምፁ የጅብ አልነበረም። ጓዴ ሲለኝ፣ ተነሥቶ እጁን ጉልበቱ ላይ ሲያኖር፣ አባቴ መሆኑን አውቄአለሁ። በእሱ ምክንያት ተሰድቤ፣ ተወግሬ፣ ልቤ ቆስሎ ነበር፤ ሊያወራኝ እንደፈለገ ገባኝና፣ ይህን እንኳ ላሳጣው ብዬ ነው። ዓይን ለዓይን እየተያየን፣ አውቄ ነው የደፋሁበት።